ቶበርሞሪ፦ ስለ አንዲት የስኮትላንድ ወደብ ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመል ደሴት ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር ያው ጥያቄ በየመልእክት ሳጥኔ ይመጣል። «ይሄ ደግሞ የት ነው? እውነተኛ ከተማ ነው ወይስ የፊልም መሥሪያ?» አንድ በአንድ መመለሱ ሲሰለቸኝ ሰብስቤ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቀኑን ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቶበርሞሪ የት ነው ያለችው?

ስኮትላንድ ውስጥ፣ በምዕራቡ ባሕር ላይ፣ መል በምትባል ደሴት ሰሜናዊ ክፍል። ደሴቲቱ 875 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሰፋለች። የሚኖርባት ሰው ግን ሦስት ሺህ አካባቢ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ሺህ የሚሆነው ቶበርሞሪ ይኖራል። የደሴቲቱ ዋና ከተማ ይሏታል እንጂ ሕዝቧ የአዲስ አበባን አንድ ትልቅ ኮንዶሚኒየም ግቢ አይሞላም።

ስሟ ከማርያም ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጌሊክ በሚባለው በደጋማው ስኮትላንድ ቋንቋ «ቶበር» ማለት ምንጭ ወይም የውኃ ጉድጓድ ነው። «ሞሪ» ደግሞ ማርያም። የማርያም ምንጭ ማለት ነው እንግዲህ። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት በልቤ «ማርያም ጠበል» ብዬ ነው የተረጎምኩት፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው የምጠራት።

ምንጩ ለጥንታዊት የማርያም ጸሎት ቤት ቅርብ የነበረ ነው። ቦታው ከወደቡ በላይ፣ በላይኛው ሰፈር በኩል ነው። ጠርሙስ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ብቻ። ስኮትላንድ በ1560 ፕሮቴስታንት ስትሆን ለቅዱሳን ምንጮች መሳለም በይፋ ቀርቷል። ስሙ ቀረ፣ ተጠማቂው ሄደ።

እነዚያ ባለቀለም ቤቶች ለቱሪስት ተብለው ነው የተሠሩት?

አይደለም። ለዓሣ ተብለው ነው።

በ1788 የብሪታንያ የዓሣ ማስገሪያ ማኅበር የሚባል ድርጅት በዚህ የባሕር ወሽመጥ ዳር በፕላን ከተማ ቆረቆረ። በዚያው ዓመት ሰሜን ላይ ኡላፑል የምትባል እህት ከተማም መሥርቷል። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ይመጣል፣ ሰዉ ያጠምዳል፣ በጨው ያሽጋል፣ ይሸጣል፣ ድህነት ይቀንሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም እንከን አልነበረውም።

ዓሣው ግን ወረቀቱን አላነበበም። ሄሪንግ አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይጠፋል። ደግሞም ከተማዋ ከዋናው የማጥመጃ ባሕር ራቅ ትላለች። የታሰበው ትልቅ የዓሣ ከተማ አልሆነችም። ያተረፋት ወሽመጡ ነው። ከፊት ለፊቱ ካልቭ የምትባል ትንሽ ደሴት እንደ በር ተዘግታበት ስለቆመች ውጭ ማዕበል ሲያናውጥ ውስጡ ጸጥ ይላል። ዓሣ የጠበቁባት ከተማ በእንግዳ ኖረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቶበርሞሪን ታሪክ በተረኩ ቁጥር እዚህ ነው የምመለሰው። ነጋዴው መጣ፣ የእንፋሎት መርከብ መጣ፣ ባሕር ኃይሉ መጣ፣ አሁን ደግሞ ፎቶ አንሺው።

ከእንግዶቹ መካከል በግድ የመጡም ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደጋው ባለርስቶች ጭሰኛውን እያፈናቀሉ መሬቱ ላይ በግ አሰማሩ። መል ላይም እንዲሁ። ከተፈናቀለው ብዙው ሰሜን አሜሪካና አውስትራሊያ ተሰደደ፤ መሄጃ ያጣው ወደ ቶበርሞሪ ወረደ። ለጭሰኛው ከመሬቱ ያለመነቀል ዋስትና የሰጠው ሕግ የወጣው በ1886 ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በጨርቅ የተቋጠረ እቃ ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አሁንም ይታየኛል።

ባሕሩ ሥር ወርቅ የጫነ መርከብ አለ ይባላል። አለ?

መርከብ አለ። ወርቁ ላይ እንኳ አትጓጉ።

በ1588 የስፔን ንጉሥ እንግሊዝን ሊወጋ አርማዳ የተባለውን መርከብ ብዛት ላከ። ተሸነፈ። የተረፉት መርከቦች በስኮትላንድ ዞረው ሊያመልጡ ሲሞክሩ አንዱ እዚህ ወሽመጥ ገብቶ መልሕቁን ጣለ። ሳን ሁዋን ደ ሲሲሊያ የተባለው ነው ተብሎ ይታመናል። ባለቤቶቹ የዛሬዋ የክሮኤሺያ ከተማ የዱብሮቭኒክ ሰዎች ናቸው፤ ስፔን ለዘመቻው የወሰደችው ነው።

የአካባቢው ባላባት የዱዋርቱ ማክሊን ስንቅና ውኃ እሰጣለሁ አለ። በለውጡ የስፔን ወታደሮችን ተቀብሎ ጎረቤቶቹን ወጋባቸው። የዘመኑ ሰው ሥራ አይፈታም! በኅዳር ወር ግን መርከቡ ድንገት ፈንድቶ ሰጠመ። ባሩዱ ውስጥ እሳት የከተተው የእንግሊዝ ሰላይ ነው የሚለው ጥርጣሬ ያኔ የተጀመረ ነው።

ከዚያ በኋላ ወርቅ አለበት የሚለው ወሬ እየወፈረ ሄደ። በ1641 የመርከቡ መብት አርጋይል ለሚባለው የመኳንንት ቤተሰብ ተሰጠ። እነሱም ሌሎችም ለሦስት መቶ ዓመት ጠላቂ እያስገቡ ፈለጉ። የወጣው መድፍ፣ ጥቂት ሳንቲምና ስብርባሪ ዕቃ ነው። መርከቡ ወታደር የጫነ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የወታደር መርከብ ውስጥ የሚገኘው ወርቅ ሳይሆን ደረቅ ዳቦ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር ምንም የሚያገናኛት ነገር የለም?

አንድ አለ፣ ቀጭን ግን ጣፋጭ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በወጣትነቱ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። በ1735 ታተመ። ከ24 ዓመት በኋላ በ1759 «ራሴላስ» የሚለውን ልብ ወለድ አወጣ፤ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ስለተዘጋበት የአቢሲኒያ ልዑል። ስሙን ያገኘው ከሎቦ መጽሐፍ እንደሆነ ይታመናል። የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። «ራስ ሥዕለ» ተገጣጥሞ ራሴላስ ሆነ። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም።

ይኸው ሰው በጥቅምት 1773 በ64 ዓመቱ በመርከብ ቶበርሞሪ ወሽመጥ ገባ። ከተማዋ ገና አልተቆረቆረችም፤ 15 ዓመት ይቀራታል። አብሮት የነበረው ቦዝዌል በወሽመጡ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አራት መርከብ ቆጥሯል። አንዳንዴ ስድሳና ሰባ መርከብ ይጠለልበታል ብለው ነግረውታል። ቤት ሳይሠራ ገበያ ነበር ማለት ነው።

ጆንሰን መል ላይ ትልቁ የኦክ በትሩ ጠፋበት። የጠፋ ነው ብሎ ለማመን እምቢ አለ። ዛፍ በሌለበት አገር ያን የሚያህል እንጨት ያገኘ ሰው ይመልሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው ባይ ነበር። ዛሬ ቢመጣ ይገርመው ነበር። ከከተማዋ አጠገብ ያለው አሮስ ፓርክ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው።

የወደቡ ዳር ሰዓት ማማ የማን መታሰቢያ ነው?

የአንዲት እህት። ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ኢዛቤላ በርድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ተጓዥ ነበረች። ጃፓንን፣ ፋርስን፣ ኮሪያን፣ የአሜሪካን ተራሮች ዞራለች። በ1892 ለለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር አባልነት ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነች። ከየሄደችበት ረጃጅም ደብዳቤ የምትጽፈው ለታናሽ እህቷ ለሄንሪታ ነበር። ሄንሪታ ቶበርሞሪ ትኖር ነበር። የኢዛቤላ ዝነኛ የጉዞ መጻሕፍት ከነዚያ ደብዳቤዎች የወጡ ናቸው። አንዷ ዓለምን ስትዞር ሌላዋ እዚህ ዝናብ እያየች ታነብ ነበር።

ሄንሪታ በ1880 በታይፎይድ ሞተች። ኢዛቤላም በ1904 አረፈች። ሰዓቱ እሷ ለእህቷ ብላ በሰጠችው ገንዘብ በ1905 ቆመ። ብዙ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሰልፊ ይነሳበታል፤ ሳያነብ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ነበረበት?

አዎ። ከ1940 ጀምሮ የጀርመንን ሰርጓጅ መርከብ እያሳደዱ የሚያጠቁ ትናንሽ የጦር መርከቦች ሠራተኞች እዚህ ነው የሠለጠኑት። ከአንድ ሺህ በላይ መርከብ አልፎበታል። አለቃው ጊልበርት ስቲቨንሰን የተባሉ ከጡረታ የተጠሩ አዛውንት መኮንን ነበሩ። ሠራተኛው «የቶበርሞሪ ሽብር» ብሎ ነው የሚጠራቸው።

አንድ ቀን ኮፍያቸውን መርከቡ ላይ ወርውረው «ይሄ ያልፈነዳ ቦምብ ነው፣ ምን ታደርጋለህ?» አሉ ይባላል። አንዱ ወጣት መርከበኛ ሮጦ በእርግጫ ባሕር ውስጥ ጨመረው። ሰውዬው አመሰገኑት። ከዚያ ተንሳፋፊውን ኮፍያ እያሳዩ «አሁን ደግሞ እሱ ዋና የማይችል ሰው ነው። ግባና አውጣው!»

ባላሞሪ የሚባለው የልጆች ፕሮግራም እዚህ ነው የተቀረጸው?

ከ2002 እስከ 2005 በቢቢሲ የታየው ፕሮግራም የውጭ ትዕይንቱ በብዛት እዚህ ነው። እንግሊዝ አገር ልጅ ያሳደገ አበሻ ሁሉ ዘፈኑን ሳይወድ በግዱ ያውቀዋል። ልጆቻችሁ የፕሮግራሙን ሮዝ ቤተ መንግሥት ካላየን ብለው ካለቀሱ ግን ደሴቲቱ ላይ የለም፤ በስኮትላንድ ሌላኛው ዳርቻ፣ ከኤድንብራ ወዲያ ነው። ባለቀለሞቹ ቤቶች ደግሞ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። በር አታንኳኩ።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ድልድይ የለም። ከግላስጎው ወደ ኦባን ባቡር አለ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው፤ ሐይቅና ተራራ ነው፣ አትተኙ። ከኦባን ፌሪ ትይዛላችሁ፣ ሃምሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መል ላይ ክሬግኒዩር ትደርሳላችሁ። ፌሪው የመንግሥት ድርጅት የሆነው የካልማክ ነው። ክሬግኒዩር ላይ አውቶቡስ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ቶበርሞሪ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በእግር ለሚሳፈር ሰው ቦታ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። መኪና ከያዛችሁ ግን ቀደም ብላችሁ አስይዙ፣ በተለይ በበጋ (በጋ የምለው የእነሱን ነው፦ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ)። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ፌሪው ይሰረዛል። በእነሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይሄ ብርቅ አይደለም። በሚቀጥለው ቀን ሐኪም ቀጠሮ ወይም ፈተና ያለው ሰው ደሴት ላይ ማደር የለበትም። እኔ አንዴ በዚህ ምክንያት የሥራ ፈረቃ አምልጦኛል፤ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ የአየር ትንበያውን አይቼ «አይደርስም» ብዬ ነው።

መኪና ያስፈልጋል?

ለከተማዋ አያስፈልግም። ደሴቲቱን ለመዞር ግን ይጠቅማል። አብዛኛው መንገድ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በየተወሰነ ርቀት መተላለፊያ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ አለው። ከፊት መኪና ሲመጣ ቀድሞ መተላለፊያው ጋ የደረሰው ይቆማል። ያለፈው እጁን አንስቶ ያመሰግናል። እጅ አለማንሳት ነውር ነው። ሌላም ነገር አለ፦ መተላለፊያው መኪና ማቆሚያ አይደለም፤ ከኋላ የሚቸኩል ካለም እዚያ ገብታችሁ አሳልፉት። የሚቸኩለው የአገሩ ሰው ነው፣ ፌሪ ሊያመልጠው ነው።

አየሩ እንዴት ነው?

ሐምሌን አስቡ፣ ከዚያ ነፋስ ጨምሩበት። ጃንጥላ አትግዙ፣ ነፋሱ ይወስደዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ያዙ። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነው። ታኅሣሥ ላይ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

በበጋ ሚጅ የምትባል ከአሸዋ የማትበልጥ ተናካሽ ዝንብ አለች። በሽታ አታስተላልፍም፣ ትዕግሥት ግን ትጨርሳለች። ነፋስ ካለ ትጠፋለች። ለዚህ ነው እዚያ ነፋስን የማልረግመው።

ምን ይበላል? ጾመኛስ?

ለማይጾም ሰው ቀላል ነው። ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎቹ አሁንም አሉ፤ ላንጉስቲን፣ ክራብ፣ ሎብስተርና ስካሎፕ ያወጣሉ። ወደቡ ላይ ቆሞ የሚሸጥ የዓሣና ችፕስ መኪናም አለ። ወረቀቱን ይዛችሁ የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ተቀመጡ፤ ከላይ ግን ሲጋል የሚባለውን ወፍ ተጠንቀቁ፣ ከእጅ ነው የሚነጥቀው።

ለጾመኛ አንድ ቃል ይበቃል፦ «ቪጋን»። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም ማለት ስለሆነ የጾምን ሕግ ማብራራት አይጠበቅባችሁም። ችፕስ ስትገዙ ግን በምን እንደሚጠበስ ጠይቁ። ስኮትላንድ ውስጥ በከብት ስብ የሚጠብስ ቤት ብዙ ነው። እንጀራ ከፈለጋችሁ ከግላስጎው ይዛችሁ ሂዱ።

ዊስኪውስ?

ፋብሪካው እዚያው ወደቡ ጫፍ ላይ ነው። በ1798 ጆን ሲንክለር የተባለ ነጋዴ ነው የመሠረተው። ከ1930 እስከ 1972 ተዘግቶ ነበር።

አሠራሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ገብስ ይበቅላል፣ ብቅሉ ይፈላል፣ ከዚያ እንደ አረቄ በእንፋሎት ይወጣል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ በሕግ ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል ካልተኛ ስኮች ዊስኪ አይባልም። ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ያወጣል። ቶበርሞሪ የሚባለው ጢስ የለውም። ሌድቺግ የሚሉት ግን ብቅሉ ፒት በሚባል ከረግረግ በሚቆፈር ነዳጅ ጢስ የደረቀ ነው። የወተት ዕቃ በወይራ እንደሚታጠን አስቡት። አንዳንዱ «ሆስፒታል ይሸታል» ብሎ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ሌላ አይነካም።

ዓሣ ነባሪ ይታያል?

በበጋ በጀልባ ከወጣችሁ ሚንኬ የሚባለውን ዓይነት የማየት ዕድል አላችሁ፤ ዋስትና ግን ማንም አይሰጣችሁም። ዓሣ ነባሪና ዶልፊን የሚያጠና በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1994 ጀምሮ እዚህ ተቋቁሟል፤ ጉብኝታችሁን ከሱ ቤት ብትጀምሩ ይሻላል።

ንስሩ ግን ከዓሣ ነባሪው ይበልጣል ባይ ነኝ። ነጭ ጭራ ያለው የባሕር ንስር በብሪታንያ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ጫጩቶች ከኖርዌይ እያመጡ ረም በምትባል ጎረቤት ደሴት ለቀቁ። አሥር ዓመት ጠበቁ። በ1985 መል ላይ የመጀመሪያው ጫጩት በረረ። ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ከአርባ ይደርሳል። የአገሬው ሰው «የሚበር በር» ይለዋል፤ ስታዩት ይገባችኋል።

አዮና ገዳም ከዚያ ይኬዳል?

ይኬዳል፣ ግን ሙሉ ቀን ስጡት። በመል ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ካለው ፊዮንፎርት ወደ አዮና ደሴት በፌሪ አሥር ደቂቃ ነው፤ እዚያ ድረስ ያለው ጠባብ መንገድ ነው ጊዜ የሚበላው። ኮሎምባ የተባለው መነኩሴ በ563 ከአየርላንድ መጥቶ የመሠረተው ገዳም ነው። ዘጠኙ ቅዱሳን እኛ ዘንድ ገዳማትን ከተከሉ ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ባሕር ተሻግሮ የመጣ መነኩሴ ነው። እናቴን ስወስዳት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ጥበቃው ምንም አላላትም፤ ወለሉ ግን በረዶ ነበር።

ቪዛ ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣ ሰው የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። የሼንገን ቪዛ አይሠራም። ጀርመን ወይም ጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ብዙዎች «ይገባል» ብለው ትኬት ይቆርጣሉ፤ አይገባም። ለንደን ከገባችሁ በኋላ ግን ስኮትላንድ ሌላ ቪዛ አትጠይቅም።

ሥራ ይገኛል?

በበጋ ሆቴልና ምግብ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። የመሥራት መብት ያለው ሰው ሥራ አያጣም። የሚያጣው ቤት ነው። ደሴቶቹ ላይ ብዙ ቤት ለበዓል እረፍት ተይዟል፤ የሚከራይ ብርቅ ነው። ማደሪያ የሚሰጥ ቀጣሪ ካላገኛችሁ አትነሱ።

ስንት ቀን ይበቃል?

ጠዋት መጥተው ከሰዓት የሚመለሱ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። የቀን ጎብኚው አውቶቡስ ከሄደ በኋላ ነው ከተማዋ የራሷ የምትሆነው።

ያኔ በወደቡ ሰሜን ጫፍ ተነስታችሁ ወደ ሩባ ናን ጋል መብራት ቤት በገደሉ ጥግ ያለውን መንገድ ያዙ። በ1857 የተሠራ ነጭ ማማ ነው። በጌሊክ ስሙ «የባዕዳን ርእሰ ምድር» እንደ ማለት ነው፤ የእንግዳ ጫፍ በሉት። ከዝናብ በኋላ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጫማ አስቡበት። ስትመለሱ ከካልቭ ኋላ አንድ ጀልባ መብራቱን አብርቶ ሊጠለል ሲገባ ታዩ ይሆናል።